ከፕሪማኪኑ በፊት አንዲት ጠብታ ደም፦ ለከተማችን የጤና ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለከተማችን የጤና ኃላፊዎች፣ በየጤና ጣቢያው ለምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ቆላ ወርዶ ለሚመለስ ሰው ሁሉ፤

ጤና ይስጥልን።

የምጽፍላችሁ ከአቃቂ ቃሊቲ ወዲያ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ቪቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት ፕሪማኪን የተባለው ክኒን ለ14 ቀን የሚታዘዝለት ሰው፣ የመጀመሪያውን ክኒን ከመዋጡ በፊት የጂ6ፒዲ ምርመራ ይደረግለት። ጂ6ፒዲ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፤ የሚያንሰው ሰው ፕሪማኪን ሲውጥ ደሙ ሊፈርስ ይችላል። ምርመራውም በሪፈር የሚኬድበት ሆስፒታል ሳይሆን እዚሁ፣ ሰውዬው ትኩሳት ይዞት መጀመሪያ በሚመጣበት ጤና ጣቢያ ይኑር። ከጣት በምትወሰድ አንዲት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው።

"አዲስ አበባ ደግሞ ምን ወባ አለ?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ብርዱ ለወባ ትንኝ አይመችም። ሰው ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም። በእኛ ደጃፍ የሚያልፈው መንገድ ወደ ሞጆ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ ወንጂ፣ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከሞጆ የሚገነጠለው ደግሞ መቂና ዝዋይ ያደርሳል። ኮዬ ፈጬ ላይ ብሎኬት የሚሸከመው ልጅ የግንባታ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሸንኮራ ቆረጣ ወይም ሽንኩርት ለቀማ ይሄዳል። የአይሱዙ ሹፌርና ረዳቱ ከሳምንቱ ግማሹን የሚያድሩት ቆላ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃ በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ብርድ ብርድ ያለው ሰው ከመናኸሪያ ወርዶ ቀጥታ እኛ ጋ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ይህ ሁሉ ሰው ቆላ ብቻ አይቀርም።

ጥያቄዬ ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ከጠረጴዛዬ ልጀምር።

አንድ ሰው የስኳር ምርመራ ታዞለት ደሙን ቀዳሁ እንበል። መብራት ጠፋ፣ ወይም ወረፋው በዛና ቱቦው ቆየ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብለካው ስኳሩ ወርዶ አገኘዋለሁ። በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ደም በየሰዓቱ ከስኳሩ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ያጣል። ስኳሩ የትም አልሄደም፤ ሴሎቹ በሉት። ደም ከሰውነት ወጥቶም ይመገባል። ለዚህ ነው ለስኳር ምርመራ ግራጫ ክዳን ያለውን፣ ፍሎራይድ የተጨመረበትን ቱቦ የምንመርጠው። ፍሎራይዱ ሴሎቹ ስኳር የሚሰባብሩበትን ሂደት መሐል ላይ ይገታዋል። ደም የለገሳችሁም ከረጢቱን አይታችሁት ይሆናል። እዚያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደሙ እንዳይረጋ ብቻ የተጨመረ አይደለም፤ ስኳርም አለበት። በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ደምም መብላት አያቆምም። ሲፒዲኤ-1 የሚባለው ፈሳሽ ያለበት ከረጢት ደሙን እስከ 35 ቀን ማቆየት የሚችለው ስኳርና አዴኒን ስለሚመግበው ነው።

እኛ ደምን የምንቆጥረው በብዛቱ ነው። "ደሜ አነሰ"፣ "ደሜ ሞላ" እንላለን። ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) 9 ነው፣ 13 ነው እያልን ቁጥር ጽፈን እንሰጣለን። ሴሉ ምን እየበላ፣ በምን ጉልበት እንደሚኖር የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አላይም። ፕሪማኪንን አደገኛ የሚያደርገው ጉዳይ ያለው ግን እዚያ ነው።

ቀይ የደም ሴል ከሌሎቹ የሰውነታችን ሴሎች የተለየ ነው። ከመቅኔ ሲወጣ ኒውክለሱን፣ ማለትም ዘረመሉ ያለበትን ክፍል፣ ጥሎ ነው። ኦክስጅን ተጠቅሞ ጉልበት የሚያመነጨውን ማይቶኮንድሪያንም አይዝም። ኦክስጅን ተሸክሞ ለሌላው ያደርሳል እንጂ እሱ ለራሱ አይጠቀምበትም። ጉልበቱ በሙሉ ከስኳር ነው፤ ከአንዲት የግሉኮስ ሞለኪውል የሚተርፈው ደግሞ ሁለት ኤቲፒ (ሴሉ ጉልበት የሚያገኝበት ሞለኪውል) ብቻ ነው። ኒውክለስ ስለሌለው ያለቀበትን ኢንዛይም እንደገና ሊሠራ አይችልም። ስንቁን ቋጥሮ ረጅም መንገድ እንደወጣ መንገደኛ ማለት ነው። 120 ቀን ገደማ የሚጓዘው ሲነሣ በያዘው ኢንዛይም ነው፤ በመንገድ ላይ የሚጨምርለት የለም።

ስኳሩ ሴሉ ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ለጉልበት ይሄዳል። ትንሹ፣ ከአሥር እጅ አንዱ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰው፣ በጎን ባለ ሌላ መንገድ ያልፋል። የዚያ መንገድ የመጀመሪያው ኢንዛይም ግሉኮስ-6-ፎስፌት ዲሃይድሮጂኔዝ ይባላል፤ በአጭሩ ጂ6ፒዲ። ከዚህ መንገድ የሚገኘው ጉልበት አይደለም፤ ኤንኤዲፒኤች የሚባል ነገር ነው። እሱ ደግሞ ግሉታታዮን የተባለውን የሴሉን መከላከያ ያድሰዋል። ኦክስጅን ተሸክሞ የሚውል ሴል በኦክሲዴሽን (ብረትን እንደሚያዝገው ዓይነት ለውጥ) የመጎዳት አደጋ ምንጊዜም አብሮት አለ፤ ግሉታታዮን ነው የሚጠብቀው። ሌሎች የሰውነታችን ሴሎች ኤንኤዲፒኤች የሚያገኙበት ተጨማሪ መንገድ አላቸው። ቀይ የደም ሴል ያለው ይህ አንዱ ነው።

በዓለም ላይ ወደ 400 ሚሊዮን ሰው ይህ ኢንዛይም በዘር ያንሰዋል ወይም ደካማ ነው። ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ሴላቸው ለዕለት ኑሮ የሚበቃ ኢንዛይም አለው። ችግሩ የሚመጣው ድንገት ብዙ መከላከያ የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ነው። ፕሪማኪን የሚዋጥበት ቀን እንደዚያ ያለ ቀን ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ ኦክሲዴሽን የሚያመጡ ነገሮችን ይፈጥራል። መከላከያው ያለቀበት ሴል ውስጥ ሄሞግሎቢኑ ይበላሽና ተሰባስቦ ከሴሉ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። እነዚህን እብጠቶች ሮበርት ሃይንዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 ጽፎባቸዋል፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። በተለመደው ጂምሳ ቀለም አይታዩም፤ የተለየ ቀለም ይፈልጋሉ። ጂምሳ ላይ የሚታየው ሌላ ነገር ነው፦ ጣፊያ እብጠቱን ስትነቅል አብራ የቆረጠችው፣ አንድ ጎኑ የተነከሰ የሚመስል ሴል። አንዴ በማይክሮስኮፕ ያየው ሰው አይረሳውም። ከዚያ ሴሎቹ ደም ሥር ውስጥ ሳሉ መፍረስ ይጀምራሉ። ሄሞግሎቢኑ በኩላሊት ወርዶ ሽንትን ያጠቁራል።

ባለፈው የወባ ወቅት የመጣ አንድ ልጅ ነበር። የአይሱዙ ረዳት ነው። ከመተሐራ በኩል ተመልሶ ትኩሳት ያዘው። የደም ፊልሙን እኔ ነበርኩ ያየሁት፤ ቪቫክስ ነው። በመመሪያው መሠረት ክሎሮኪንና የ14 ቀን ፕሪማኪን ተሰጠው። "መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ" ተባለ። ትክክለኛ ምክር ነው፤ ሁሉም ታካሚ የሚባለው ይህንኑ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወገቡን አመመው። ሽንቱ ኮካኮላ መሰለ። በማግሥቱ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አብሮት የሚያድረው ልጅ "የወፍ በሽታ ነው" አለውና ሰፈር ውስጥ መድኃኒት ከሚሰጡ አዛውንት ዘንድ ወሰደው። እሳቸውም ቅጠል አጠጡት። ልጁ ግን ያልተወው ነገር ነበር። ፕሪማኪኑን በየማለዳው መዋጥ ቀጠለ፤ አታቋርጥ ተብሏላ። እኛ ጋ ሲመለስ በጓደኛው ትከሻ ተደግፎ ነው። ከንፈሩ ነጭ ነበር። ለሽንት ምርመራ በሰጠሁት ኩባያ ያመጣውን ፈሳሽ ብርሃን ላይ ባነሣው ማዶው አይታይም። ሄሞግሎቢኑ መጀመሪያ ከመጣበት ቀን በግማሽ ወርዷል። በአምቡላንስ ሆስፒታል ተላከ፤ ፕሪማኪኑ ተቋረጠ፤ ደም ተሰጠው፤ ዳነ። ከሦስት ወር በኋላ ተመርምሮ የጂ6ፒዲ እጥረት እንዳለበት ታወቀ።

ያ ልጅ የተባለውን ነው ያደረገው። ክኒኑን በሰዓቱ ዋጠ። ወረፋ ጠብቆ፣ ካርድ አውጥቶ፣ የመመሪያውን ሕክምና ወሰደ። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ያንን ጥያቄ የሚመልሰው መሣሪያ ደግሞ በዓለም ላይ አለ።

እውቀቱ አዲስ ቢሆን ባልከፋኝ። የኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በዘመተበት ዘመን ነው ፕሪማኪን ከዚያ ለሚመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች በብዛት መሰጠት የጀመረው። ከወታደሮቹ አንዳንዶቹ፣ በተለይ ጥቁሮቹ፣ ደማቸው ፈርሶ ታመሙ። ምክንያቱን ያገኙት ፖል ካርሰን፣ አልፍ አልቪንግና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ በእነዚህ ሰዎች ቀይ ሴል ውስጥ አንድ ኢንዛይም እንደሚጎድል እ.ኤ.አ. በ1956 አሳተሙ። ጥናቱ የተሠራው ኢሊኖይ ውስጥ በሚገኝ ስቴትቪል በተባለ እስር ቤት፣ በእስረኞች ላይ ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይከብደኛል። እምቢ ለማለት አቅም በሌላቸው ሰዎች አካል የተገኘ እውቀት ነው። ቢያንስ ሥራ ላይ ልናውለው ይገባል። ያ ወረቀት ከወጣ 70 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እኛ ጋ ግን አሁንም የታካሚውን ደም የሚመረምረው ክኒኑ ራሱ ነው።

አሁን ልትሉኝ የምትችሉትን ልገምት።

"እጥረቱ ያለበት ሰው በአገራችን ብዙ አይደለም" ይባላል። ከፍታ ቦታ ላይ በሚኖረው ሕዝብ አነስ ያለ መሆኑ እውነት ነው። በጋምቤላ ደግሞ ከሌላው አካባቢ በርከት ይላል። እጥረቱ ወባ ባለበት ምድር የሚበዛው ሴሉ ለወባ ተውሳክ ስለማይመች ነው፤ ለባለቤቱ ከወባ የተወሰነ ጥበቃ ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ዳር ግን ከየትኛው ክልል የመጣ ሰው ነው የማይኖረው? ከጋምቤላ የመጣው ተማሪ፣ ከወለጋ የመጣው የቀን ሠራተኛ፣ ከአፋር ወገን የመጣው ሹፌር ሁሉም በአንድ ወረፋ ነው የሚቀመጠው። ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው ደም የአገር አማካይ ቁጥር አይነግረኝም።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው "እንዲህ የሚያሰጋ ከሆነ ፕሪማኪኑን አንስጥ" ይላል። ይህ አነጋገር ከመጀመሪያው ይልቅ ያስፈራኛል። ቪቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ክሎሮኪን በደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፤ የተኛውን አይነካውም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣና ሰውዬው ትንኝ ሳይነክሰው እንደገና ይታመማል። በተነሣ ቁጥር ቀይ ሴል ያፈርሳል። በተለይ ሕፃናት ደማቸው በየጊዜው እየተሸረሸረ ይዳከማሉ። የተኛውን የሚገድሉት ፕሪማኪንና ዘመዱ ታፌኖኪን ብቻ ናቸው። ስለዚህ ፕሪማኪን ይቅር እያልኩ አይደለም። ፕሪማኪን ሳንፈራ እንድንሰጠው ነው ምርመራው የሚያስፈልገው። እጥረት የሌለበት ሰው 14 ቀኑን ሙሉ በእርጋታ ይውሰድ። እጥረት ያለበትም ተስፋ አይቆረጥበትም፤ በሐኪም የቅርብ ክትትል በሳምንት አንዴ፣ ለ8 ሳምንት የሚሰጥበት መንገድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሚለው የጂ6ፒዲው ሁኔታ ታውቆ ሕክምናው በዚያ ይመራ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላጥራ፤ ሰው እንዳይደናገጥ። ፋልሲፓረም ለሚባለው ሌላ የወባ ዓይነት፣ ኮአርተም ከተባለው መድኃኒት ጋር አንዴ ብቻ የሚሰጠው አነስተኛ ፕሪማኪን ሌላ ጉዳይ ነው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ያለ ጂ6ፒዲ ምርመራ ሊሰጥ ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና ስድስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ግን ፕሪማኪን አይሰጣቸውም፤ ይህም ጤና ጣቢያ ሲመጡ መጠየቅ ያለበት ነው።

የምርመራውን ዓይነት በተመለከተ የምትገዙት ሰዎች በደንብ እንድታስቡበት እለምናለሁ። "አለው" ወይም "የለውም" ብቻ የሚል ኪት ለወንዶች ብዙ ጊዜ ይበቃል። የጂ6ፒዲ ዘረመል ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ስላለው ወይ አለው ወይ የለውም። ሴት ግን ሁለት አላት፤ በየሴሉ አንደኛው ኤክስ ይዘጋል። ከአንዱ ወገን ብቻ እጥረቱን የወረሰች ሴት ደሟ ውስጥ ጤነኛና ደካማ ሴሎች ተቀላቅለው ይኖራሉ። ድምር ሲወሰድ ኢንዛይሟ መካከለኛ ይሆናል። ቀላሉ ኪት ጤነኛ ነሽ ሊላት ይችላል፤ ፕሪማኪኑን ስትውጥ ግን ደካማዎቹ ሴሎች ይፈርሳሉ። ስለዚህ የሚገዛው መጠኑን በቁጥር የሚለካ መሣሪያ ይሁን። በአንዴ የሚወሰደው ታፌኖኪን አንድ ቀን እኛ ጋ ቢደርስም እሱ የሚሰጠው ኢንዛይሙ ከ70 በመቶ በላይ ለሆነ ሰው ነው፤ ያለ ቁጥር አይሆንም።

ደግሞም ምርመራው መቼ መደረግ እንዳለበት ለባልደረቦቼ ላስታውስ። ደሙ መፍረስ ከጀመረ በኋላ ብንለካ ልንታለል እንችላለን። መጀመሪያ የሚፈርሱት ኢንዛይማቸው ያለቀው አሮጌ ሴሎች ናቸው። የሚተርፉትና ከመቅኔ በችኮላ የሚመጡት ወጣቶች ሲሆኑ ኢንዛይማቸው ገና አላለቀም። ውጤቱ ደህና ይመስላል። በቅርቡ ደም የተሰጠው ሰውም የለጋሹን ኢንዛይም ነው የሚያሳየን። ያ ረዳት ሦስት ወር ቆይቶ የተመረመረው ለዚህ ነው። ትክክለኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ነው።

ስለ ደም ማነስ ሕክምናችንም አንድ ነገር ልበል፤ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሄሞግሎቢን ዝቅ ባለ ቁጥር አይረን ማዘዝ ልማድ ሆኗል። ቤት ውስጥ ደግሞ ቀይ ሥር ይጨመቃል፣ ምስር ይቀቀላል። የብረት እጥረት ላለበት ሰው አይረን ትክክለኛ ሕክምና ነው። ሴሉ ደም ሥር ውስጥ እየፈረሰ ላለ ሰው ግን ጉድለቱ ሌላ ነው፤ እሱን የሚያድነው የሚያፈርሰውን ነገር ማስቆም ነው። ደጋግሞ ደሙ የሚፈርስበት ሰው ይበልጥ የሚያልቅበት ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ነው፤ መቅኔው አዲስ ሴል ለመሥራት ሌት ተቀን ይፈልገዋልና። "ደም አነሰህ" ከማለት አልፈን "ደምህ ለምን አነሰ?" ብለን እንጠይቅ። ዓይኑ ቢጫ ነው? ሽንቱ ጠቁሯል? ሰሞኑን ምን ዋጠ? ይህን ለመጠየቅ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሴሉ በምን ይኖራል ብሎ መጠየቅ የቅንጦት ምርምር የሚመስለው ካለ፣ በዚህ ጥያቄ ስንት ሰው እንደዳነ ይመልከት። ሲድኒ ፋርበር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት ላይ ለጊዜውም ቢሆን ለውጥ ያየው የካንሰሩን ሴሎች ፎሌት በመንፈግ ነው። ሜቶትሬክሴት የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። አስፓራጊኔዝ የሚባለው መርፌ ደግሞ የአንዳንድ ሉኪሚያ ሴሎች አስፓራጂን የተባለውን አሚኖ አሲድ ለራሳቸው በበቂ መሥራት አለመቻላቸውን ተጠቅሞ ያስርባቸዋል። ቀይ ሴል ስኳር የሚሰባብርበት ሌላው ኢንዛይም፣ ፓይሩቬት ካይኔዝ፣ ሲጎድል ለሚመጣው የደም መፍረስም እ.ኤ.አ. በ2022 ኢንዛይሙን ራሱን የሚያነቃ ክኒን አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ሚታፒቫት ይባላል። እኛ የምንጠይቀው ከእነዚህ ሁሉ ርካሹንና ቀላሉን ነው።

ለሰፈራችን እናቶችም አንድ ሁለት ነገር። የጂ6ፒዲ እጥረት በተወለዱ ሕፃናት ላይ ከባድ ቢጫነት ሊያመጣ ይችላል። ልጁ ሲወለድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ከሆነ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ብቻ አትጠብቁ፤ ለጤና ባለሙያ አሳዩት። ሻንጣ ውስጥ ከናፍታሊን ጋር የከረመ ጋቢና ብርድ ልብስ ለአራስ ልጅ አታልብሱ። የናፍታሊኑ ሽታ እጥረቱ ያለበትን ሕፃን ደም ሊያፈርስ ይችላል። አያት ለልጅ ልጅ ብለው በፍቅር ያስቀመጡት ጋቢ ቢሆንም መጀመሪያ ይታጠብ፣ በደንብም ይናፈስ።

ስለ ባቄላ የሚጠይቁኝ አሉ። በባቄላ ውስጥ ቪሲንና ኮንቪሲን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ እነሱም እጥረቱ ባለበት አንዳንድ ሰው ላይ ደም ያፈርሳሉ። በተለይ እሸቱ ሲበላ፣ በተለይም በወንድ ሕፃናት ላይ። እጥረቱ ያለበት ሁሉ በባቄላ አይታመምም። ሆኖም በምርመራ የታወቀለት ሰው እሸት ባቄላና ፉል ቢተው ይሻለዋል። ሌላው ሰው በጾሙ ባቄላውን ይብላ፤ ጤነኛ ምግብ ነው። ዳፕሶን ለሥጋ ደዌ፣ ናይትሮፉራንቶይን ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚወስዱ ሰዎችም እጥረቱ ካለባቸው ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ወደ ኃላፊዎች ልመለስ። ሁሉም ጤና ጣቢያ በአንድ ቀን ይሟላ አልልም። ከቆላ የሚመጡ መንገዶች ከተማው በሚገቡባቸው ቦታዎች ይጀመር፤ በእኛ በቃሊቲ በኩል፣ ከጅማ መስመር በአየር ጤና፣ ከነቀምት መስመር በአስኮ። መሣሪያው ከወባ ወቅት በፊት ይግባ፣ በመስከረም ሳይሆን በሰኔና በሐምሌ። የምርመራው ስትሪፕ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይታሰብበት፤ ያለ ስትሪፕ የቆመ መሣሪያ በየላብራቶሪው ሞልቷል። እጥረቱ ለተገኘበት ሰው በኪሱ የሚይዘው ካርድ ይሰጠው። ካርዱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ መውሰድ የሌለበት መድኃኒት ዝርዝር ይኑርበት። የቀን ሠራተኛ ዛሬ እኛ ጋ ነው፣ ነገ ሻሸመኔ ነው፤ የእኛ መዝገብ አይከተለውም፤ ካርዱ ግን ከእሱ ጋር ይጓዛል።

መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ዝም ብለን አንቀመጥ። ፋርማሲ ላይ ፕሪማኪን የሚያድለው ባልደረባዬ "አታቋርጥ" ከማለቱ ጋር ይህንንም ይጨምር፦ "ሽንትህ ከጠቆረ፣ ዓይንህ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቆመህ መሄድ እስኪያቅትህ ከደከመህ ክኒኑን አቁምና በዚያው ቀን ና።" ከመስጠቱም በፊት "ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስደህ ሽንትህ ጠቁሮ ያውቃል? ከቤተሰብህስ?" ብሎ ይጠይቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ስልክ ይደውሉለት። ይህ ከነገ ጀምሮ ይቻላል፤ በጀት አይጠይቅም።

እኔ በበኩሌ ሥልጠናውን ለመውሰድም፣ ለሌሎች ጤና ጣቢያዎች ባለሙያዎች ለማስተላለፍም ፈቃደኛ ነኝ። ላብራቶሪያችን ውስጥ መሣሪያው የሚቀመጥበት ቦታ አለ። መልሳችሁን የሚቀጥለው የወባ ወቅት ከመግባቱ በፊት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ